ቡድኑ ወደ ወደቡ ሄደ፤ ሰፈሩስ?

ቤት ለቤት ስንዞር፣ የአንድ አባትን የደም ግፊት ለመለካት በገባንበት ቤት ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳይ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሰማያዊ ማሊያ ለብሶ «አባባ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ስታዲየም ነው፤ ባሕሩ ዳር የሠሩት» ይላቸዋል። እርሳቸው ግን ወደ እኛ ዞር ብለው «ልጄ፣ የድሮውን ምን አደረጉት? አጠገቡ የሚኖረው ሰውስ?» አሉን። ልጁም አላወቀም፤ እኛም አላወቅንም። ኋላ ስለ ነገሩ ስናነብ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ቦታው ላይ ያረፈ ሆኖ አገኘነው።

ቡድኑ ኤቨርተን ይባላል፤ የእንግሊዟ የሊቨርፑል ከተማ ቡድን ነው። ከተማዋ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች አሏት። ልጆቻችን በብዛት የሚያውቁት ቀዩን ነው፤ ይኼኛው ሰማያዊው ነው። ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጫወተው ጉዲሰን ፓርክ በሚባል ሜዳ ነበር። ሜዳው ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራ አይደለም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሰለፉ የሠራተኛ ቤቶች መካከል የተሰነቀረ ነው። አንዱ ማዕዘን ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በአዳራሹ ውስጥ በጨዋታ ቀን ለደጋፊው ሻይ ይሸጥ ነበር። ዙሪያውን ትናንሽ ምግብ ቤቶች፣ መጠጥ ቤቶች፣ የማሊያና የሻርፕ ሱቆች ነበሩ። አያት፣ አባትና ልጅ ከቤታቸው በእግራቸው ወጥተው የሚገቡበት ቦታ ነው። ደጋፊዎች ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው አመዳቸውን ከሜዳው ጠርዝ ይቀብሩት ነበር፤ በዚህ መልክ ያረፉት ብዙ መቶዎች ናቸው። አመድ መቅበር ለእኛ እንግዳ ልማድ ነው። የወገን መቃብር ያለበትን ቦታ ትቶ መሄድ ግን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ለአባቶችና ለእናቶች የምንነግር እኛ አይደለንም።

ታዲያ ለምን ተነሡ? ሜዳው አርጅቶ ነበር። መቀመጫው በከፊል እንጨት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ከምሰሶ ኋላ ተቀምጦ አንገቱን እያዞረ ነበር የሚያየው። የሚይዘው ከ39,000 ትንሽ የሚበልጥ ሰው ሲሆን ቤቶቹ ስለከበቡት ማስፋት አልተቻለም። ክለቡ መጀመሪያ ኪንግስ ዶክ በሚባል ሌላ የወንዝ ዳርቻ ሊሠራ አስቦ ነበር፤ ገንዘብ አጥሮት በ2003 ቀረ። ቀጥሎ ከከተማው ወጣ ብሎ ኪርክቢ የሚባል ቦታ ከአንድ ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ጋር ሊሠራ አቀደ፤ በ2009 መንግሥት ከለከለው። በመጨረሻ የተመረጠው በ1848 የተከፈተው የብራምሊ ሙር የመርከብ ማቆሚያ ነው፤ ከድሮው ሜዳ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውኃውን ከባሕር በተቀዳ አሸዋ ደፍነው፣ የጥንቱን የድንጋይ ግንብ ሳያፈርሱ፣ ወደ 53,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አቆሙበት። ከተማው በ2021 መጀመሪያ ላይ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዩኔስኮ የሊቨርፑልን ወደብ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘ፤ ከምክንያቶቹ አንዱም ይኸው ስታዲየም ነበር።

ይህ የሥራና የሸማቾች ገጽ ነውና ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መጀመሪያ ሲነገር ዋጋው 500 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሲያልቅ ከ700 ሚሊዮን አልፏል። ከቀበሌ ቤት እስከ ስታዲየም፣ በወረቀት ላይ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከኮንትራክተር አፓርታማ ገዝታችሁ ዋጋው በግንባታ ማውጫ እየጨመረ የመጣባችሁም አላችሁ። የኤቨርተን ዕዳ ግን ሜዳ ላይ ድረስ ገባ። ለስታዲየሙ ስም ሊከፍል የተዘጋጀው ድርጅት ከአንድ ሩሲያዊ ባለሀብት ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ውሉ ታገደ። ቡድኑም የሊጉን የወጪና የኪሳራ ሕግ ተላልፏል ተብሎ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ይግባኝ ብሎ ወደ 6 ዝቅ አለለት፤ ቀጥሎ በሌላ ክስ 2 ተጨመረበት። ከክርክሩ አንዱ የስታዲየሙ ብድር ወለድ እንዴት ይቆጠር የሚል ነበር።

ፈቃዱ ሲጠየቅ 15,000 ያህል የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ስናይ «ለስንት ጊዜ?» ብለን እንድንጠይቅ ሥራችን አስተምሮናል። ግንበኛው ግንባታው ሲያልቅ ይሄዳል። በር ላይ ትኬት የሚፈትሸውና ምግብ የሚሸጠው የሚከፈለው በጨዋታ ቀን ነው። በእንግሊዝ ሊግ አንድ ቡድን በዓመት በሜዳው የሚጫወተው 19 ጊዜ ነው፤ የዋንጫ ጨዋታ ቢጨመር እንኳ ጥቂት ነው። ልጆቻችሁ በስታዲየም ወይም በአዳራሽ የጥበቃና የማስተናገድ ሥራ ሲቀርብላቸው በወር ስንት ቀን እንደሆነ፣ ጡረታና የሕመም ፈቃድ እንዳለው ከመፈረማቸው በፊት ይጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም፦ በ2023 አንድ ወጣት ሠራተኛ በዚያ ግንባታ ቦታ ላይ አደጋ ደርሶበት ሞቷል። በግንባታ ላይ የሚሠራ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ከሌላው ቁጥር ሁሉ አስቀድሞ ያነበዋል።

አሁን ወደ አባት ጥያቄ። እኛ አረጋውያንን ስናይ የምንፈራው አሮጌ ቤት ብቻ አይደለም፤ አዲስ ቤትም እንፈራለን። ሊፍት ያለው ንጹሕ ሕንጻ ውስጥ ገብተው፣ የሚያውቁት ጎረቤትና በእግር የሚደርሱበት ሱቅ ስለጠፋ ከቤት መውጣት ያቆሙ እናቶች አሉን። ጉልበታቸው የሚደክመው ከዚያ ነው። ለሰባ ዓመት ሽማግሌ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሜዳ መራመድ መድኃኒትም ወዳጅም ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ለወጣት ምንም አይደለም፤ ለእርሱ ግን አውቶቡስ ወይም ባቡር ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ረጅም ሰልፍ። አዲሱ ስታዲየም ለአካል ጉዳተኞች ከድሮው በጣም የተሻለ መሆኑን አንክድም፤ ችግሩ እስከ በሩ መድረሱ ነው። በአዲሱ አካባቢ ከተማው የመኪና ማቆሚያ ገደብ ሲጥል የዚያ ነጋዴዎች ደንበኛ ይቀርብናል ብለው ተቃውመዋል።

ወንዶቹ ጉዲሰንን የተሰናበቱት በግንቦት 2025 ነው፤ ሳውዝሃምፕተንን 2 ለ 0 አሸንፈው። በነሐሴ በአዲሱ ስታዲየም የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ብራይተንን እንዲሁ 2 ለ 0 አሸነፉ። የድሮው ሜዳ ሊፈርስና በቦታው መኖሪያ ቤትና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊሠራበት ታቅዶ ነበር። ሆኖም በመጨረሻው ወር ሐሳባቸውን ለወጡና የክለቡ የሴቶች ቡድን እንዲጫወትበት ተወሰነ።

በሚቀጥለው ጉብኝት ይህን ለአባት ነገርናቸው። «ሴቶቹ ገቡበት? ደግ አደረጉ» አሉ፤ ከዚያም «ስንት ቀን ይጫወታሉ?» ብለው ጠየቁን። በ2025/26 የውድድር ዓመት በዚያ ሊግ 12 ቡድኖች ስለነበሩ በሜዳቸው የነበራቸው የሊግ ጨዋታ 11 ቀን ነበር፤ የሚመጣው ተመልካችም ከወንዶቹ በእጅጉ ያንሳል። በ19 ቀን ሙሉ ሕዝብ የዓመት ኪራዩን ይሸፍን የነበረ የጉዲሰን ምግብ ቤት አሁን ሒሳቡን የሚሠራው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው።