«ፈለግ» ስለሚባለው ቃልና ስለ ዘመዶቹ

አንባቢ ሆይ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው፥ ሳያስተውለው የውሃ ወሰን ይሻገራል። በጊንጪ አካባቢ የሚመነጨው አዋሽ ወደ ምሥራቅ ፈስሶ፥ ከባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በአምቦ የሚያልፈው ሁሉቃ ግን ወደ ጉደር፥ ጉደርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ደጋ የሚዘንበው ዝናም ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው።

ግዕዝ ወንዝን «ፈለግ» ይለዋል፤ ሲበዛም «አፍላግ» ይሆናል። የቃሉ ሥር መክፈልንና መሰንጠቅን ያመለክታል፤ ወንዝ ምድርን እየሰነጠቀ ይሄዳልና።

ዘመዶቹም ሩቅ አገር ይገኛሉ። በዕብራይስጥ «ፔሌግ» ጅረት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የተጠቀሰው ፋሌቅም በዚህ ስም የተጠራው በዘመኑ ምድር ስለ ተከፈለች ነው። የጥንት ባቢሎናውያን ቦይን «ፓልጉ» ይሉት ነበር። በዐረብኛ የመስኖ ቦይ «ፈለጅ» ሲባል፥ ብዙ ቁጥሩ ልክ እንደ ግዕዙ «አፍላጅ» ነው፤ የዖማን አፍላጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የግዕዙ «ገ» በዐረብኛ «ጀ» መሆኑም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግመልም በዚያ «ጀመል» ነው። ዝምድናን የሚያረጋግጠው እንዲህ ያለ በብዙ ቃላት የሚደጋገም የድምፅ ልውውጥ ነው።

የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን ያሳስታል። መፍሰስ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ፍሎው» ለጆሮ የፈለግ ወንድም ይመስላል፤ ሆኖም ትውልዱ ከሌላ የቋንቋ ቤተ ሰብ ነው፤ ዘመዱም ዝናም ማለት የሆነው የላቲኑ «ፕሉዊያ» ነው። በአምቦ የሚነገረው ኦሮምኛም ወንዝን «ለገ» ስለሚል፥ ለገጣፎና ለገዳዲ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ቃል ነው፤ ለገሃር ግን በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው እንጂ ወንዝ የለበትም።

ዛሬ በአማርኛ «ፈለግ» ስንል ዱካን ወይም መንገድን እናስባለን፤ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» እንደምንለው። ይህን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን፥ በግዕዙ ኦሪት ከገነት የሚወጡትን አራቱን አፍላግ ሲያገኝ፥ ወንዞቹን መንገዶች ናቸው ብሎ ሊተረጉም ይችላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የለመድኸው ቃል በአሮጌ መጽሐፍ ሲገጥምህ፥ የዛሬ ትርጉሙን ከመስጠትህ አስቀድሞ የጥንት ምንጩን መርምር።