ሰሊጥ ዘይቱን የሚጠብቅበት ተፈጥሯዊ መከላከያና የእናንተ ድርሻ

የተልባ ዘይት ተጨምቆ ትንሽ ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። የሰሊጥ ዘይት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ለምን?

ዘይት በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። በሰሊጥ ፍሬ ውስጥ ሰሳሚን፣ ሰሳሞሊንና ቫይታሚን ኢ ይገኛሉ። ሰሊጥ ሲቆላ ደግሞ ከሰሳሞሊኑ ከፊሉ ሰሳሞል ወደሚባል ጠንካራ ተከላካይ ይለወጣል። እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ፤ ኦክስጅን በዘይቱ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያዘገያሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ወሰን አለው። እርጥበት የዘይቱን አሲድ ያበዛል፤ ሻጋታም ያመጣል። ይህን አንቲኦክሲዳንት አያስቆመውም። ፍሬው ከተሰበረም አየር በቀላሉ ዘይቱን ያገኘዋል። ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ፣ ዘይቱ ሲበላሽ የዓመት ልፋታችሁ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ፦
1. ሂላው በደንብ ሳይደርቅ አታራግፉ።
2. ንጹሕ ሸራ ላይ አራግፉ፤ ፍሬው እንዳይሰበር በኃይል አትውቁት።
3. የፍሬው እርጥበት ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ ጆንያ ሳታስገቡ እንደገና አድርቁ።
4. የተሰበረና ያልበሰለ ፍሬ ለይታችሁ አውጡ።
5. ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ በርብራብ ላይ ደርድሩ፤ መጋዘኑ ቀዝቃዛና አየር የሚያገኝ ይሁን።

ይህን በራሳችሁ ምርት ላይ ከሠራችሁ በኋላ የልማት ቡድናችሁን አባላት ጠርታችሁ አሳዩ።