የሰው ወርቅ አያደምቅ
ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታና ስለ ፈቃዱ

ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የኮምፒዩተር ክበባችን አባሎች ተሰብስበን አንድ አሳብ ቆረጥን። አሳቡም ኦፕን ቲቲዲ የተባለውን የባቡርና የመኪና ማመላለሻ ጨዋታ በሃያ ፍላሾች ላይ ጭነን፣ በፍላሹ ዋጋ ላይ ጥቂት ብር ጨምረን ለእንግዶች በመሸጥ፣ በትርፉ ሁለት ኪቦርድ መግዛት ነበር። ጥቅሉን የማሰናዳቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከዚህ ሥራ ያገኘሁትን ትምህርት ለጓደኞቼ፣ ለአስተማሪዎቼና ለወላጆች ባጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ አንድ ወጥ ነገር መስሎ ቢታየንም በውስጡ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ፕሮግራሙ ነው፤ ባቡሩን የሚያስኬደው፣ ገንዘቡን የሚቈጥረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሥዕሉ፣ ድምፁና ዜማው ነው። ሦስተኛው ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ለሌሎች የሚያቀርቡት፣ ከኢንተርኔት የሚወርደው ተጨማሪ ነው፤ ይኸውም አዲስ ባቡር፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ካርታና የመሳሰለው ነው። ጥቅል አሰናጅ ማለት እነዚህን ሰብስቦ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት እንኳ ፍላሹን የሰካ ሰው ወዲያው እንዲጫወት የሚያደርግ ነው።

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ፕሮግራም የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ኦፕን ቲቲዲ የሚገዛበት ፈቃድ ጂፒኤል ይባላል። ይህ ፈቃድ በሪቻርድ ስቶልማን ተዘጋጅቶ በ1989 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ወጣ። ፕሮግራሙን ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲመረምረው፣ እንዲለውጠው፣ እንዲያባዛው፣ እንዲሸጠውም ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ግዴታ አለበት፤ ፕሮግራሙን የሚሰጥ ሰው ኮዱንም መስጠት፣ ለተቀባዩም ያንኑ መብት ማስተላለፍ ይገባዋል። ስለዚህ እኛም ኮዱን በፍላሹ ላይ አብረን አስቀመጥን። እንግዲህ «በነጻ አገኘሁት» ማለትና «ነጻ ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ዋጋ፣ ሁለተኛው ስለ መብት ይናገራል።

ፕሮግራሙ ነጻ ሲሆን ሥዕሉ ነጻ ላይሆን ይችላል። የዚሁ የጨዋታችን ታሪክ ይህን ያስረዳል። ጨዋታው የተመሠረተው ክሪስ ሶየር በሠራውና በ1995 በወጣው ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ ላይ ነው። ኦፕን ቲቲዲ በ2004 ሲጀመር ፕሮግራሙ ለሁሉ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ለመጫወት የሚያስፈልጉት ሥዕሎች ግን የቀድሞው ጨዋታ ንብረት ነበሩ። ምጣድ የሰጠ ሰው ዱቄቱንም ሰጠ ማለት አይደለም። በኋላ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው ኦፕን ጂኤፍኤክስ የተባለውን ነጻ የሥዕል ስብስብ ሠሩ፤ ከ2010 ወዲህም ጨዋታውን ያለ ቀድሞው ሥዕል መጫወት ተቻለ።

በ1993 የተቋቋመው ደቢያን፣ ፕሮግራሞችን በጥቅል እያሰናዳ የሚያድል ማኅበር፣ በዚህ ረገድ ጥብቅ ሥርዓት አለው። ፕሮግራሙ ነጻ ሆኖ ነጻ ያልሆነ ነገር ካልተጨመረለት የማይሠራ ከሆነ፣ ከዋናው ክፍል አውጥቶ ኮንትሪብ በሚባል ሌላ ክፍል ያኖረዋል። «ለንግድ አይዋል» የሚል ፈቃድ ያለውንም እንደ ነጻ አይቈጥረውም። ዳሩ ግን ደቢያን የሚመረምረው በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ነው፤ ተጫዋቹ በኋላ ከኢንተርኔት የሚያወርደውን አይቈጣጠርም። የእኔም ስሕተት የተወለደው ከዚህ ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማሳመር ዐሥራ አራት ተጨማሪዎች አውርጄ በጥቅሉ ውስጥ ከተትሁ። ከእነርሱም አንዱን የባቡር ሥዕል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀብቼ እጅግ ተደሰትሁበት። የኮምፒዩተር አስተማሪያችን አይተው «የእነዚህን ሁሉ ፈቃድ አንብበሃልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ጨዋታው ነጻ ነው» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም «እኔ የጠየቅሁህ ስለ ጨዋታው አይደለም» አሉኝ።

እውነትም የኦፕን ቲቲዲ የተጨማሪዎች ማደያ እያንዳንዱ ሠሪ የወደደውን ፈቃድ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ተቀምጬ አንድ በአንድ ባነብ ዘጠኙ ጂፒኤል ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ለንግድ እንዳይውሉ ይከለክላሉ። አንዱ ንግድንም፣ ለውጦ ማደልንም ይከለክላል፤ እርሱም ያ የቀባሁት ባቡር ነበር! የቀሩት ሁለቱ ሠሪዎቻቸው ራሳቸው የጻፉት ልዩ ፈቃድ ነበራቸው፤ መሸጥን ስለ መፍቀዳቸው ግን ምንም አይናገሩም። ቤቴ ተቀምጬ ብጫወትባቸው የሚከለክለኝ አልነበረም፤ አባዝቼ ለመሸጥ መነሣቴ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። ባትል ፎር ዌስኖስ የተባለው ጨዋታ፣ ወደ ማደያው የሚገባው ተጨማሪ ሁሉ ጂፒኤልን እንዲከተል ይደነግጋል፤ ለሥዕልና ለዜማ ብቻ ሌላ ነጻ ፈቃድ ይፈቅዳል። ስለዚህ በዚያ ጨዋታ የአሰናጁ ድካም ይቀንሳል።

ነገሩን ለአባቴ ባጫውታቸው «ሰዎቹ ያሉት ባሕር ማዶ፣ እናንተ የምትሸጡት ሃያ ፍላሽ፤ ማን ያውቅባችኋል?» አሉኝ። በአገራችን በ1996 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከድርሰት ሥራዎች ጋር እንደሚቈጥረው ነገርኋቸው፤ ይህ ግን ብዙም አላሳመናቸውም። አባቴ አናጢ ናቸው። እርሳቸው የሠሩት ወንበር በሌላ ሰው ስም የተሸጠ ጊዜ እንዴት አዝነው እንደ ነበር ባስታውሳቸው ግን ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ከዚህ በኋላ የተከለከሉትን ሦስቱን አወጣሁ። ልዩ ፈቃድ ላላቸው ለሁለቱ ሠሪዎች በማውቀው እንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። አንደኛው በዐሥራ አንደኛው ቀን «ስሜን ጻፉ እንጂ ሽጡት» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛው እስከ በዓሉ ድረስ አልመለሰም። ዝምታ እሺታ አይደለምና የእርሱንም አወጣሁ። በቀባሁት ባቡር ፈንታ ከጂፒኤሎቹ አንዱን ቀባሁ፤ ለውጤን በዚያው ፈቃድ አድርጌ፣ የሠሪዎቹን ሁሉ ስም በአንድ ገጽ ጽፌ ከጨዋታው ጋር አኖርሁ። አዲሱ ባቡር እንደ ፊተኛው አላማረም፤ ይህን አልክድም።

በበዓሉ ቀን ከሃያው ፍላሽ ዐሥራ ሰባቱ ተሸጠ፤ አንድ ኪቦርድ ገዛን። አባቴም አንድ ፍላሽ ገዝተው፣ የስሞቹን ገጽ አስከፍተው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የወረደ ነገር ሁሉ የእናንተ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ዕወቁ። ለሌላ ሰው ከማደላችሁ በፊት ፈቃዱን ለየብቻ አንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነ ሠሪውን ጠይቁ፤ ካልፈቀደ ተዉት፤ ከፈቀደም ስሙን አትርሱ። ነገ እናንተም የምትሠሩት ነገር ይኖራችኋልና።