መርማሪው ሰፈሩ የሆነበት ልቦለድ

ቴፒ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ጨሞው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የወንጀል ልቦለድ ልማዱ ይታወቃል፦ ገዳዩ ይደብቃል፣ መርማሪው ይገልጣል፣ እኛም ከመርማሪው ጎን ተሰልፈን «ያዘው!» እንላለን። ባለታሪኩ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ታዳጊ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምንም ያላጠፋው ልጅ ራሱ የሚደብቀው አለው። እውነቱ ሲወጣ የእሱም ገመና አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ለወጣቶች ከተጻፉት ውስጥ እኔን የያዘኝ የፋሪዳ አቢኬ-ኢይሚዴ «ኤስ ኦፍ ስፔድስ» ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ። ነጮች በሞሉበት የአሜሪካ ሀብታሞች ትምህርት ቤት ዴቨንና ቺያማካ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች አሉ። «ኤሲስ» በሚል ስም የተሸሸገ ሰው ጉዳቸውን በስልክ መልእክት ለተማሪው ሁሉ ይበትናል። ዴቨን ወንድ እንደሚያፈቅር የሚኖርበት ሰፈር ከሰማ ጉዱ ፈላ። ስለዚህ ላኪውን የሚያሳድደው ለጀብዱ ሳይሆን ቀድሞ ለመድረስ ነው።

ወደ እኛ የሚቀርበው ግን ሱሌይማን አዶንያ ነው። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ፤ በልጅነቱ ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ኖሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «አፍ መፍቻ ቋንቋዬ ዝምታ ነው» ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ አይደለም፣ ፖሊስም የለበትም። የሚጀምረው ግን በችሎት ነው። ሳባ የምትባል ልጃገረድ ከወንድሟ ከሐጎስ ጋር ነውር ፈጽማለች ተብላ በካምፑ ሰው ፊት ትቆማለች። ሐጎስ አይናገርም። ወጥ የሚሠራውና ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው፤ ትምህርት ትምህርት የምትለው እሷ ናት። ጀማል የሚባል ወጣት ደግሞ ነጭ አንሶላ ቀዶ ሰቅሎ፣ በቀዳዳው ግቢያቸውን እንደ ሲኒማ ያያል። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይመሰክራል። መርማሪው ሰፈሩ ነው እንግዲህ! በሳባና በሐጎስ ጎጆ ውስጥ የሆነውን አልነግራችሁም።

ይህን ቴፒ ላይ ማሰብ ይከብዳል? ጎረቤት ቡና ሲጠራራ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደዋለ ይቆጠር የለ? አቦል ላይ ጥርጣሬ፣ ቶና ላይ ምስክር፣ በረካ ላይ ፍርድ። አገራችን ውስጥ ደግሞ ከጎረቤት ፍርድ ኋላ የመንግሥት ፍርድ አለ፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ባለታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አደጋ መፈልሰፍ አያሻውም፤ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የቱን እናስቀድም ካላችሁኝ፣ ልብ ሰቀላ የምትወዱ ከዴቨን ጀምሩ፤ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ሰፈራችሁን በመጽሐፍ ማየት የምትሹ ሳባን ያዙ። ቀስ ይላል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ግን እሱ ነው።