«ቃርሚያ» ወይስ «አጨዳ»? ስለ ናኖቃጫ ስያሜዎች

ከሰበቃ የኤሌክትሪክ ኢነርጂ የሚሰበስቡ ናኖቃጫዎችን የሚመለከት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚያሳስተው ባዕዱ ቃል ሳይሆን አቻ ያለው የሚመስለው ነው። «ናኖ» የሜትርን ቢሊዮንኛ እጅ ከሚያመለክተው ከ«ናኖሜትር» ጋር እንዳለ ሊገባ ይችላል። «ሃርቨስቲንግ»ና «ትዩኒንግ» ግን ያስቸግራሉ።

አስቀድመን ነገሩን እናስረዳ። ሁለት የተለያዩ ቁሶች ተነካክተው ሲላቀቁ አንዱ አወንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሙል ይይዛል። ዮሃን ካርል ቪልከ እ.ኤ.አ. በ1757 ቁሶችን በዚህ ጠባያቸው በተርታ አሰልፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዦንግ ሊን ዋንግና ባልደረቦቹ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ክስተቱን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ አዋሉት። ሙል የሚያድረው በገጽ ላይ ስለሆነ ቃጫው በቀጠነ ቁጥር ለእኩል ክብደት የሚኖረው ገጽ ይሰፋል። በገጹ ላይ ፍሎሪን ያዘሉ ቡድኖች ቢተከሉ ኤሌክትሮን የመቀበል፣ አሚኖ ቡድኖች ቢተከሉ የመስጠት ዝንባሌው ያይላል።

ይህን የኬሚስቱን ሥራ «መቃኘት» ለማለት ልባችን ከጅሎ ነበር፤ ክራር ደርዳሪም ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ወደሚፈልገው ድምፅ ለማምጣት ነውና። ነገር ግን «ቃኘ» መሰለልንና መመርመርንም ይገልጣል። «የገጽ ቅኝት» የሚል ርእስ ያነበበ ሰው ገጹ የተለወጠ ሳይሆን የተጠና ይመስለዋል። በሙከራ ዘገባ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስለዚህ ቅር እያለን «ማበጀት»ን መርጠናል።

በ«ሃርቨስቲንግ» ረገድ ግን አናመነታም። አጨዳ የዘራ ሰው ሥራ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሰበስበው ከእግር እርምጃ፣ ከልብስ መተሻሸት፣ ከነፋስ የተረፈውን፣ ባክኖ ሊቀር የነበረውን ነው። ከአጨዳ በኋላ በማሳው የወደቀውን ዛላ መልቀም በአማርኛ የታወቀ ስም አለው፤ ቃርሚያ። «የኢነርጂ ቃርሚያ» ከእንግሊዝኛው ይልቅ ነገሩን ይገልጣል፤ የሚገኘው መጠን አነስተኛ መሆኑንም አብሮ ይናገራል። «የጉልበት ቃርሚያ» እንዳንል የቀን ሠራተኛ የሚያፈላልግ ሰው ይመስላል።

«ሰበቃ» መፋተግን ከሚያመለክተው የግሪክ ሥር ጋር ይስማማል። ሆኖም ብዙዎቹ ማመንጫዎች ያለ መፋተግ፣ በመነካካትና በመላቀቅ ብቻ ይሠራሉ። ስለዚህ «የሰበቃ ኤሌክትሪክ» ለክስተቱ ይቆይ፤ አሠራሩ ሲገለጥ ግን «ንክኪ» ይባል። ቃጫው የሚሠራበትንም ዘዴ «መፍተል» ከማለት መቆጠብ ይሻላል፤ የፖሊመሩ ሙሙት በከፍተኛ ቮልቴጅ ተስቦ ይቀጥናል እንጂ እንደ ጥጥ በእንዝርት አይከርርም።