የሴት ልጅ ስም በየአገሩ እንዴት እንደሚጠራ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ስሙን መልአክ ያውጣው እንጂ የሚጠሩት ሰዎች ናቸው፤ የሰዎችም አንደበት እንደ አገራቸው ይለያያል። ከዚህ የተነሣ ለሴት ልጅ የወጣ አንድ ስም በትግራይ፥ በጎጃም፥ በወሎ፥ በአርሲ ወይም በሱማሌ ምድር ሲጠራ ልዩ ልዩ ድምፅ ይይዛል። እኛ የጉለሌ ተማሪዎች ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔዎች ጀምሮ የሰፈራችን ሰው ከየማዕዘኑ የመጣ ስለ ሆነ፥ ብዙው አነጋገር በአንድ የክፍል መዝገብ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የልዩነቱን ምክንያት በምሳሌ ለመግለጥ ነው።

መጀመሪያ የጉሮሮን ድምፅ እንመልከት። ፊደላችን ሀ፥ ሐ፥ ኀ የተባሉ ሦስት ፊደላት አሉት። በአማርኛ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይነበባሉ። በትግርኛ ግን ሐ ከጉሮሮ ጠልቆ የሚወጣ የራሱ ድምፅ አለው። ስለዚህ ሐና፥ ራሔልና ምሕረት የተባሉት ስሞች በመቀሌ ሲጠሩ ከአዲስ አበባው ይልቅ ጠንከር ብለው ይሰማሉ። አማርኛ ተናጋሪ «ሃና» ብሎ ቢጽፍ ጆሮው ምንም ልዩነት አያገኝበትም፤ ትግርኛ ተናጋሪ ግን የተለወጠውን ድምፅ ወዲያው ያውቀዋል። ሐናና ራሔል ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው፤ በዚያም ቋንቋ የጉሮሮ ድምፅ አላቸው። ራሔልን እንግሊዞች «ሬቸል»፥ ፈረንሳዮች ደግሞ «ራሼል» ይሏታል።

ሕይወት በሚለው ስም ላይ ልዩነቱ ሁለት ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ሐን ከጉሮሮ ከማውጣቱ ሌላ፥ ወን እንዳለ ይጠራዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ወደ «ዎ» አስጠግቶ «ሕይዎት» ይላል። እንደዚሁም አማርኛው «ንግሥት» የሚላትን ትግርኛው «ንግሥቲ» ይላታል። ከግዕዝ የመጣው «ወለተ» የሚለው ቃልም በትግርኛ ስም ውስጥ አጥሮ «ለተ» ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. በሄንግሎ የዐሥር ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው የለተሰንበት ግደይ ስም «የሰንበት ልጅ» ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጸና የጠ መለዋወጥ ነው። በብዙው የአማራ ገጠር ጾም «ጦም»፥ ጸሎት «ጠሎት»፥ ፀሐይም «ጠሐይ» ወይም «ጣይ» ይባላል። ይህን የሚሰማ የከተማ ልጅ የተሳሳተ አነጋገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከሰፈራችን በላይ ባለው በእንጦጦ የተቀመጡት፥ በ1879 ዓ.ም. ከተማችንን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ስማቸው የተገኘው ከዚሁ አነጋገር ነው፤ ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ ማለት ነውና። የገጠሬ አነጋገር ተብሎ የሚናቀው ድምፅ በቤተ መንግሥት የተከበረ ስም ነበረ።

ሦስተኛው የድምፅ ርዝመት ነው። በኦሮምኛ አንድ አናባቢ ቢረዝም ወይም ቢያጥር የቃሉ ትርጉም ሊለወጥ ይችላል። ጫልቱ የሚለው ስም «የምትበልጥ» ማለት ሲሆን፥ «ጫ»ም «ቱ»ም ተስበው ይነገራሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሁለቱንም አሳጥሮ ያልፋቸዋል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው የደራርቱ ቱሉ ስምም እንዲሁ ነው። «ራ» ረዝሞ፥ «ቱ» ተስቦ ይጠራል፤ ትርጉሙም ከማበብ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ የአማርኛዋ የአበበች እኅት ነው። በአበበች ላይ ደግሞ የመጀመሪያው በ ይጠብቃል፤ ፊደላችን ግን መጥበቁን አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፥ ከዐረፍተ ነገሩ እንጂ ከፊደሉ እንደማይታወቅ ሁሉ፥ ስምም በጽሕፈት ብቻ አይታወቅም።

ከዐረብኛ የመጡትም ስሞች የየአገሩን ልብስ ለብሰዋል። ፋጢማ በወሎ «ፋጡማ»፥ በሱማሌ «ፋዱማ» ወይም «ፋዱሞ» ትባላለች። በሱማልኛ የ«ዘ» ድምፅ ስለሌለ ዘይነብ «ሰይነብ» ትሆናለች። ዓሻ በሚለው ስም መነሻ ላይ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ ግን ሱማልኛ እንደ ዐረብኛው ጠብቆታል፤ አማርኛ ትቶታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? የሚል ቢኖር፥ መልሱ በየዕለቱ በፊታችን ነው። በልደት ምስክር ወረቀት አንድ፥ በትምህርት ቤት መዝገብ ሌላ ሆኖ የተጻፈ ስም ልጂቱን ያንገላታታል። ሕይወትን አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በ«ኦ»፥ ሌላው በ«ኤ» ቢጽፋት፥ በውጭ አገር ሰው ዓይን ሁለት ሰዎች ትሆናለች። ከዚህ የሚከፋው ግን የሳቅ ነገር ነው። ስሟ በእናቷ አነጋገር ሲጠራ ክፍሉ የሚስቅባት ልጅ፥ ቀስ በቀስ ለትምህርት ቤት ሌላ ስም፥ ለቤት ሌላ ስም ትይዛለች። በመጨረሻም የእናቷን አጠራር በሰው ፊት ታፍርበታለች። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ፊደሉን አጣርተው ያስጽፉ፤ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑንም ይመልከቱ። መምህራንና እኛ ተማሪዎች ደግሞ አዲስ ስም ስንሰማ ከመሳቃችን በፊት «እናትሽ እንዴት ብላ ትጠራሻለች?» ብለን እንጠይቅ። አንደበታችን የጉሮሮውን ድምፅ አሟልቶ ለማውጣት ቢያቅተው እንኳ፥ መሞከራችን ብቻ ለባለ ስሟ ክብር ነው።