የንብ ሙጫና የአፍ ንጽሕና

ከቀፎ ከሚገኙት ምርቶች ለአፍ ንጽሕና የላቀ ተስፋ የተጣለበት፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ማሩ ሳይሆን፣ ንቦች የቀፏቸውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት፣ በሳይንሳዊ አጠራሩ ፕሮፖሊስ የሚባለው ሙጫ ነው። ንቦች ከዛፍ እምቡጥና ቅርፊት የሚወጣውን ሙጫ ሰብስበው ከሰም ጋር ለውሰው የቀፎውን ውስጠኛ ግድግዳ ይቀቡበታል፤ ቀፎ ውስጥ ገብታ የሞተችና ጎትተው ሊያወጧት ያልቻሉትን አይጥ እንኳ በዚሁ ሸፍነው ሬሳዋ እንዳይበሰብስ ያደርጋሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች ተፋፍገው በሚኖሩበትና ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ቤት ረቂቅ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ ይህ ሙጫ ነው።

ጥርስ የሚቦረቦረው፣ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር ተጣባቂ ሽፋን ሠርተው ጥርስ ላይ ሲደላደሉና አሲድ ሲያመነጩ ነው። በሙጫው ውስጥ የሚገኙት፣ ፍላቮኖይድ የሚባሉ የዕፅዋት ውሁዶች፣ በቤተ ሙከራ እንደታየው የባክቴሪያዎቹን ዕድገት ይገታሉ፤ ስኳሩን ወደ ሽፋን የሚለውጠውንም ኢንዛይም ያዳክማሉ። ሙጫው በጥርስ ሳሙናና በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በአልኮል ተነጥሮ ነው።

ይሁንና «ፕሮፖሊስ አለው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የአውሮፓ ንቦች በብዛት ከፖፕላር ዛፍ ሲሰበስቡ፣ የብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ ባካሪስ ከተባለ ቁጥቋጦ የሚገኝና አርቴፒሊን ሲ በተሰኘ ውሁድ የሚታወቅ ስለሆነ፣ በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነችው ኢትዮጵያም የየአካባቢው ዕፅዋት ስለሚለያዩ፣ ሙጫው ለጥርስ ምርት ከመዋሉ በፊት በራሱ መመርመር አለበት፤ ይህም ሊደከምበት የሚገባ ሥራ ነው።

ከሌሎቹ የቀፎ ምርቶች ሰም የጥርስ ክርን ለማለስለስ ያገለግላል። ማር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ጀርሞችን የሚገታ ኃይል ቢኖረውም፣ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። አሲድነቱም በፒኤች ሲለካ 4 አካባቢ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ስለሚበረታ፣ የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ መሟሟት ከሚጀምርበት ከ5.5 ገደማ በታች ነው። ስለዚህ ማርን ድድ ላይ ቀብቶ መተኛት ጥርስን ይጎዳል፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃንም፣ ቦቱሊዝም ለተባለው አደገኛ የመመረዝ በሽታ ስለሚያጋልጠው፣ ማር ከቶ አይሰጥም።

የንብ ሙጫ ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለውን የፍሎራይድን ቦታ አይተካም፤ ሊታከልበት ብቻ ይችላል። ለሙጫው አለርጂ ያለበት ሰውም ከንፈሩ ሊያብጥና የአፉ ውስጠኛ ክፍል ሊቆስል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ ምርቱን መጠቀም አቁሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።